አራት ሎሚ፣ አንድ ኮኮናት፦ ሂንዱዎች አዲስ መኪና የሚመርቁበት ቫሃና ፑጃ ደረጃ በደረጃ

ደቡብ ሕንድ፣ ቤንጋሉሩ ከተማ ተማሪ ሆኜ በኖርኩበት ጊዜ ከታች ፎቅ የሚኖሩት ቤተሰቦች አንድ ቀን አዲስ መኪና ገዙ። ነጭ፣ ትንሽዬ፣ የወንበሩ ላስቲክ እንኳን ገና ያልተነሳ። እንኳን ደስ ያላችሁ ልል ወረድኩ። የቤቱ አያት፣ ሁላችንም "አጂ" የምንላቸው (በአገሬው በካንናዳ ቋንቋ አያት ማለት ነው)፣ አራት ሎሚ እጄ ላይ አስቀመጡና በአገጫቸው ወደ ጎማዎቹ ጠቆሙኝ። አንዱን ሎሚ ከጎማው ኋላ አስቀመጥኩት። አጂ ጎንበስ ብለው አነሱት፣ ከፊት አደረጉት፣ "መኪናው የሚሄደው ወደፊት ነው ልጄ" አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ፑጃ አይቻለሁ። ቤተ መቅደስ በር ላይ፣ ሰፈር ውስጥ፣ መኪና መሸጫ ውስጥም። ይህን የምጽፈው ሕንዳዊ ጓደኛ ወይም የሥራ ባልደረባ ላላችሁ፣ ሂንዱ ቤተሰብ ውስጥ ላገባችሁ፣ "ነገ መኪናዬን አስመርቃለሁ፣ ናና አግዘኝ" ለተባላችሁ ነው። ዱባይም ሆነ ሜሪላንድ ብትኖሩ ይህ ግብዣ አንድ ቀን ይደርሳችኋል። ስትሄዱ ሎሚው ለምን፣ ኮኮናቱ ለምን እንደሆነ አውቃችሁ ብትሄዱ ደስ ይለኛል። ዕቃው ብዙ ይመስላል እንጂ ቅደም ተከተሉ ከገባችሁ ሌላው ቀላል ነው።

በመጀመሪያ ስሙ። "ቫሃና" በሳንስክሪት የሚሸከም፣ የሚያጓጉዝ ማለት ነው። የሂንዱ አማልክት እያንዳንዳቸው ቫሃና አላቸው። የዝሆን ራስ ያለው ጋኔሻ በአይጥ፣ ሺቫ ናንዲ በተባለው በሬ፣ ቪሽኑ ጋሩዳ በተባለው ንስር፣ ዱርጋ በአንበሳ፣ ሙሩጋን በጣዎስ ይሄዳሉ። ዛሬ መኪናውም፣ ሞተር ብስክሌቱም፣ ባጃጁም የሚጠራው በዚሁ ቃል ነው። "ፑጃ" ደግሞ የአምልኮ ሥርዓት ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ የሚያደርገው ነገር፣ በአጭሩ፣ የሚሸከመውን ነገር ከመቀመጡ በፊት ማክበርና ከፊቱ ያለው መንገድ እንዲጠራለት መለመን ነው።

ቀንና ሰዓት

ቀኑ የሚመረጠው ፓንቻንግ ከሚባለው የቀን መቁጠሪያ ነው። ዛሬ ስልክ ላይ ስላለ ብዙ አያስቸግርም። መኪና ለመረከብ የሚወደዱ በዓላት አሉ። ዲዋሊ ከሚባለው የብርሃን በዓል ሁለት ቀን በፊት የሚውለው ዳንቴራስ ብረት የሚገዛበት ቀን ስለሆነ የመኪና መሸጫዎች በሰው ይጨናነቃሉ። ጥቅምት አካባቢ ነው የሚውለው። በእኛ ሚያዝያ ግድም የሚመጣው አክሻያ ትሪቲያም እንደዚያው ነው። የዘጠኙ ሌሊቶች በዓል ናቫራትሪ መጨረሻ ደግሞ አዩዳ ፑጃ አለ፣ እሱን ኋላ እመለስበታለሁ። በተቃራኒው ከናቫራትሪ በፊት ያሉት ሁለት ሳምንታት ለሙታን መታሰቢያ የተለዩ ናቸው፣ ብዙ ቤተሰብ በዚያ ጊዜ አዲስ ነገር አይገዛም። ቅዳሜ የሻኒ፣ የሳተርን አምላክ፣ ቀን ስለሆነ ብረት ቤት አይገባም የሚሉም አሉ።

ከቀኑ በላይ ደቡብ ሕንድ ውስጥ ሰው የሚጠነቀቀው "ራሁ ካላም" የሚባለውን ሰዓት ነው። ራሁ ፀሐይንና ጨረቃን የሚውጥ፣ ግርዶሽ የሚያመጣ ጥላ ነው ይባላል። በየቀኑ አንድ ሰዓት ተኩል የእሱ ነው፣ በዚያ ሰዓት አዲስ ነገር አይጀመርም። ስሌቱ ከፀሐይ መውጫ እስከ መጥለቂያ ያለውን ጊዜ ለስምንት መክፈል ነው፣ ከስምንቱ አንዱ የራሁ ነው። እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከፀሐይ መውጫ ስለሆነ ለኛ በጣም ይቀላል። በእኛ አቆጣጠር ሰኞ ከ1፡30 እስከ 3፡00፣ ቅዳሜ ከ3፡00 እስከ 4፡30፣ ዓርብ ከ4፡30 እስከ 6፡00፣ ረቡዕ ከ6፡00 እስከ 7፡30፣ ሐሙስ ከ7፡30 እስከ 9፡00፣ ማክሰኞ ከ9፡00 እስከ 10፡30፣ እሑድ ከ10፡30 እስከ 12፡00 ነው። ይህ ፀሐይ ልክ 12 ሰዓት ወጥታ 12 ሰዓት ስትጠልቅ ነው። አውሮፓና አሜሪካ ቀኑ በብርዱ ወራት ስለሚያጥር በሙቀቱ ወራት ስለሚረዝም፣ የከተማችሁን የፀሐይ መውጫና መጥለቂያ ወስዳችሁ እንደገና ለስምንት ክፈሉት። ማለዳ ከሆነ ደግሞ በጣም ጥሩ፣ መኪናውም ሰውም አይግልም።

የት ይደረግ?

ሦስት አማራጭ አለ። ቤተ መቅደስ፣ ቤት፣ ወይም እዚያው መኪና መሸጫው። ሕንድ ውስጥ ብዙ መሸጫ ቤቶች ቁልፍ ሲያስረክቡ ራሳቸው አበባ አድርገው ኮኮናት ያሰብራሉ፣ ግን ቤተሰቡ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያም በቀጥታ ወደ ቤተ መቅደስ ይነዳል። ቤንጋሉሩ ማይሱሩ መንገድ ላይ ያለው ጋሊ አንጃኔያ የሚባለው የሐኑማን፣ የዝንጀሮ መልክ ያለው አምላክ፣ ቤተ መቅደስ በዚህ የታወቀ ነው። ኬራላ ውስጥ ደግሞ የጉሩቫዩር ቤተ መቅደስ አለ። ሜሪላንድ ያላችሁ ላንሃም የሚገኘውን ስሪ ሺቫ ቪሽኑ ቤተ መቅደስ ታውቁት ይሆናል፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ሩቅ አይደለም፣ እዚያም መኪና ይመረቃል።

ቤተ መቅደስ ከሆነ ካህኑ፣ ማለትም ፑጃሪው፣ ሁሉንም ይመራል። ቀድማችሁ ደውሉ፣ ደረሰኝ ቁረጡ፣ ምን ይዛችሁ እንደምትመጡ ጠይቁ፣ ምክንያቱም አንዳንዱ ዕቃውን ራሱ ያቀርባል፣ አንዳንዱ ግን ሎሚና ኮኮናት ይዛችሁ ኑ ይላል። ቤት ከሆነ የቤተሰቡ ትልቅ ሰው ይመራል። እኔ የቤቱን የበለጠ እወደዋለሁ። ሰልፍ የለም፣ ልጆቹም እጃቸውን ያስገባሉ። ከዚህ በታች ያለው የቤቱ አካሄድ ነው።

ዕቃው

አብዛኛው ዕቃ እኛም ቤት የሚገኝ ነው። እርድ። የተፈጨ፣ ትንሽ። ኩምኩም የሚባለው ቀይ ዱቄት፣ እርድ ከኖራ ጋር ተቀላቅሎ የሚቀላ ነው፣ ከሕንድ ሱቅ ይገዛል። ሰንደል፣ እኛ ቤት ውስጥ የምናጨሰው ያው ሰንደል። ካፉር። ያልተሰባበረ ሩዝ አንድ እፍኝ፣ በእርድ ተለውሶ ቢጫ የሆነ። ሙዝ፣ አበባ፣ ከተቻለም ብርቱካናማው ማሪጎልድ በክር የተሰካ ጉንጉን። ጣፋጭ፣ ላዱ የሚባለው ድቡልቡሉ ቢሆን ይመረጣል፣ ጋኔሻ ላዱ ይወዳል ይላሉ። ቀይ የጥጥ ክር። አንድ ብርጭቆ ንጹሕ ውኃና የማንጎ ቅጠል።

ሎሚው ለመኪና አራት፣ ለሞተር ብስክሌት ሁለት ነው። ትልቁ የፈረንጅ ሎሚ አይደለም፣ የኛው ትንሿ ሎሚ ናት። ኮኮናቱን ስትገዙ ጆሯችሁ ሥር አድርጋችሁ ነቅንቁት፣ ውኃው ካልተሰማ ተዉት። ላዩ ተልጦ ጫፉ ላይ ቁንጮ የቀረለት መሆን አለበት። ሁለት ግዙ፣ አንዱ ውስጡ ተበላሽቶ ቢገኝ በዕለቱ የቤተሰቡ ፊት እንዳይጠቁር።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ስሰማው በጣም የገረመኝ። ለጋኔሻ የሚቀርበው ሣር፣ ዱርቫ የሚሉት፣ ሰርዶ ነው። ያው በየሜዳው የሚበቅለው፣ ቢረግጡት ተመልሶ የሚነሳው ሰርዶ። ጥቂት ዘለላ ቆርጣችሁ ብትወስዱ አስተናጋጆቻችሁ ይደሰታሉ።

ሥርዓቱ

መኪናውን እጠቡት። አዲስ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ግን ይታጠባል። ባለቤቱም ገላውን ታጥቦ፣ ንጹሕ ልብስ ለብሶ ይመጣል። ጫማ ይወልቃል። መኪናውን ፊቱን ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ሰሜን አቁሙት፣ ሜዳው ጠፍጣፋ ይሁን፣ ሞተሩ ይጥፋ፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ። ከፊቱ ቢያንስ አምስት ስድስት ሜትር ባዶ ቦታ ተዉ። ኋላ ያስፈልጋል።

የማንጎ ቅጠሉን ውኃው ውስጥ ነክራችሁ መኪናው ላይ ዙሪያውን እርጩ። ጸበል ሲረጭ ያየ ሰው እጁ ራሱ ያውቀዋል።

ቀጥሎ ጋኔሻ። ከማንኛውም ነገር በፊት እሱ ነው የሚጠራው፣ እንቅፋት አንሺ ስለሆነ። ትንሽ ምስል ካለ በትሪ ላይ ይቀመጣል። ከሌለ ደቡቦቹ የሚያደርጉት በጣም ደስ የሚል ነገር አለ። እርዱን በጥቂት ውኃ አቡክተው በጣታቸው እንደ ትንሽ ጉብታ ይሠሩታል፣ ራሷ ላይ ኩምኩም ነጥብ ያደርጋሉ፣ ሰርዶውን ይሰኩባታል፣ በቃ ጋኔሻ ሆነች። ሙዙና ላዱው ፊት ለፊቷ ይቀርባል። ሰንደሉ ይለኮሳል።

አሁን ኮፈኑ ላይ ምልክት ይደረጋል። እርድ ወይም ኩምኩም በውኃ በጥብጣችሁ በቀለበት ጣት ስዋስቲካ ወይም ኦም የሚባለውን የተቀደሰ ምልክት ትስላላችሁ። እዚህ ላይ ቆም ልበል። ስዋስቲካ ከሳንስክሪት የመጣ ቃል ነው፣ ደህንነት ማለት ነው፣ ናዚዎች ከመውሰዳቸው በፊት ለብዙ ሺህ ዓመት የበጎ ዕድል ምልክት ሆኖ ኖሯል። የሂንዱው ቀጥ ብሎ የሚቆም ነው፣ በአራቱ ክፍተቶች ውስጥ ብዙ ጊዜ አራት ነጥብ አለው። የናዚው ዘንበል ያለ፣ ጥቁር፣ በነጭ ክብ ውስጥ ነው። ልዩነቱን እናንተ ብታውቁም መንገደኛው አያውቅም። ስለዚህ እስራኤል ወይም ጀርመን ላላችሁ ምክሬ ግልጽ ነው፣ ኦም ሳሉ፣ ወይም ሦስት የኩምኩም ነጥብ ብቻ አድርጉ። ፑጃው ምንም አይጎድልበትም፣ ያ ምልክት ቁስል የሚቀሰቅስበት ሰው ደግሞ አይደነግጥም።

ነጥቡ ኮፈኑ ላይ ብቻ አይቀርም። በየጎማው፣ በፊት መብራቶቹ፣ በታርጋው፣ በመሪው፣ በቁልፉ ላይ ትንሽ ትንሽ ይነካል። ቀይ ክሩ መሪው ላይ ይታሰራል። ጉንጉኑ ከፊት ይንጠለጠላል። ነጭ መኪና ከሆነ ተጠንቀቁ፣ እርድ ቀለም ይይዛል፣ ፀሐይ ላይ ብዙ ቀን ሳይቆይ በለስላሳ ጨርቅ ይጠረግ። ጨርቁን አትፈትጉት፣ ዱቄቱ አዲሱን ቀለም ይጭረዋል።

ከዚያ ጸሎቱ። ባለቤቱ እጁን አጣምሮ በልቡ ወይም በድምፅ ስሙን፣ የዘር ሐረጉን፣ ለምን እንደቆመ ይናገራል፣ ይህም ሳንካልፓ ይባላል። ፑጃሪ ካለ የታርጋውን ቁጥር ሳይቀር ሲያነበንብ ትሰማላችሁ። አጭሩ ማንትራ፣ የጸሎት ቃል፣ "ኦም ጋም ጋናፓታዬ ናማሃ" ነው፣ ለጋናፓቲ፣ ማለትም ለጋኔሻ፣ ሰላምታ ይሁን እንደማለት። ረዘም ያለውን ልጆች ሁሉ በቃላቸው ያውቁታል፦ "ቫክራቱንዳ ማሃካያ፣ ሱርያኮቲ ሳማፕራብሃ፣ ኒርቪግናም ኩሩ ሜ ዴቫ፣ ሳርቫ ካርዬሹ ሳርቫዳ።" ትርጉሙን ስጠይቅ እንዲህ ነበር የተነገረኝ፦ ኩንቢህ የተጠማዘዘ፣ አካልህ ግዙፍ፣ ብርሃንህ እንደ አሥር ሚሊዮን ፀሐይ የሆንክ ሆይ፣ ሥራዬን ሁሉ ሁልጊዜ ከእንቅፋት አውጣልኝ። በየቃሉ መጨረሻ ቢጫው ሩዝና አበባው መኪናው ላይ ይበተናል።

አሁን እሳት። ካፉሩ በትሪ ላይ ይለኮስና ከመኪናው ፊት በቀኝ አዙሪት፣ እንደ ሰዓት ቆጣሪ፣ ሦስት ጊዜ ይዞራል። ካፉር ነድዶ ሲያልቅ አመድ አይተውም። እኔነትም እንደዚያው ምንም ሳይተው ይቃጠል ነው ነገሩ። አርቲ ይባላል ይህ። ሰው ሁሉ እጁን ወደ ነበልባሉ ጠጋ አድርጎ መልሶ ፊቱን ይዳስሳል። ትሪው ረጅም እጀታ ያለው ወይም የብረት ይሁን፣ ኮፈኑ ላይ በፍጹም አይቀመጥ፣ ነዳጅ ከሚቀዳበት ጎን አይጠጋ፣ ነፋስ ካለ ቆይ ይባል። ሰንደሉንም መኪናው ውስጥ ለኩሶ መተው አያስፈልግም፣ የአዲስ ወንበር ጨርቅ ቀዳዳ ሲሆን አይቻለሁ።

ኮኮናቱ ቀጥሎ ነው። ባለቤቱ በሁለት እጁ ይዞ ከመኪናው ፊት ሦስት ጊዜ ያዞረውና ወደ ጎን ወጣ ብሎ ድንጋይ ወይም አስፋልት ላይ በኃይል ያፈርጠዋል። ጠንካራው ቅርፊት ትዕቢት ነው፣ ውስጡ ያለው ነጩና ጣፋጩ ሲሰበር ነው የሚገኘው ይላሉ። ልጆችን አርቁ፣ ፍንጣሪው ዓይን ላይ ይደርሳል። ውኃው ኮፈኑ ላይ ትንሽ ይረጫል። ከሁሉ በላይ ቅርፊቱን ወዲያው ጥረጉ፣ ስለታም ነው፣ ቀጥሎ መኪናው ይንቀሳቀሳል። አንዳንዱ ቤት በኮኮናት ፋንታ ነጭ ዱባ ይሰብራል፣ ውስጡ ኩምኩምና ሳንቲም ተጨምሮበት።

በመጨረሻ ሎሚዎቹ። በእያንዳንዱ ጎማ ፊት አንድ አንድ፣ ጎማውን አስነክታችሁ አስቀምጡ። አስቀማጩ ተነስቶ ጎን መቆሙን ሳታዩ ማንም ቁልፍ እንዳይነካ። ከዚያ ባለቤቱ ይገባል፣ የቤቱ ትልልቅ ሰዎች ይቀመጣሉ፣ ሞተሩ ይነሳል፣ መኪናው በቀስታ ወደፊት ይሄዳል። ሎሚዎቹ ጠሽ ጠሽ ይላሉ። መጥፎ ዓይን፣ እኛ ቡዳ የምንለው፣ እነሱ ናዛር ወይም ድሪሽቲ የሚሉት፣ በሎሚው ተመጥጦ ከጎማው ሥር ቀረ ማለት ነው። የመጀመሪያው እንቅስቃሴ በኋላ ማርሽ እንዳይሆን ሁሉም ይጠነቀቃል፣ ለዚህ ነው ቀድሞ ከፊት ባዶ ቦታ መተው ያለበት። ቤተ መቅደስ ከሆነ መኪናው በቀኝ አዙሪት አንድ ዙር ይዞራል። ቤት ከሆነ ሰፈሩን አንድ ጊዜ ዞሮ ይመለሳል።

ይህ ሎሚ የመኪና ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 8 ቀን 2019 የሕንድ የመከላከያ ሚኒስትር ራጅናት ሲንግ ፈረንሳይ፣ ሜሪኛክ ሄደው የመጀመሪያውን ራፋል ተዋጊ ጄት ሲረከቡ ጄቱ ላይ ኦም ጽፈው፣ አበባና ኮኮናት አኑረው፣ ከጎማዎቹ ሥር ሎሚ አስደርገዋል። አገር ቤት ብዙ ተከራክረውበታል። ቀኑ የዱሴራ በዓል ነበር፣ መሣሪያ የሚከበርበት ቀን፣ እኔ በበኩሌ ለዚያ ቀን ተገቢ ነገር አደረጉ ባይ ነኝ።

እናንተ እንግዳ ከሆናችሁ

ክርስቲያን ወይም ሙስሊም ሆኜ ብሄድስ ብላችሁ ለምትጠይቁ፣ በጸሎቱ እንድትካፈሉ ማንም አያስገድዳችሁም። ጫማ አውልቁ፣ በአክብሮት ቁሙ፣ ከቤተሰቡ ጋር ደስ ይበላችሁ። ግንባራችሁ ላይ ኩምኩም ካልፈለጋችሁ ፈገግ ብላችሁ እጃችሁን አጣምሩ፣ ይገባቸዋል። ባዶ እጅ አትሂዱ፣ አንድ ሳጥን ጣፋጭ ይበቃል። ለቤተሰቡ ወይም ለፑጃሪው ገንዘብ ከሰጣችሁ ደግሞ ክብ ቁጥር አይሁን፣ 101፣ 501 እያሉ አንድ ይጨምራሉ፣ ያቺ አንድ ስጦታው እንዳይዘጋ የምታደርግ ናት።

ፕራሳድ፣ የቀረበው ምግብ፣ በቀኝ እጅ ነው የሚወሰደው። ተካፋይ መሆን የማትፈልጉ ከሆነ ቀድማችሁ በእርጋታ ንገሩ። ጾመኞች ደግሞ ልብ በሉ፣ ላዱ ብዙ ጊዜ በንጥር ቅቤ ነው የሚሠራው። ረቡዕና ዓርብ ከዋለ "ጾም ላይ ነኝ" በሉ። እነሱም ስለሚጾሙ በዓለም ላይ ይህን ቃል በቶሎ የሚረዳ ሰው እነሱን የሚያህል አላየሁም። አጂ አንድ ዓርብ ላዱዋን ከእጄ ወስደው ሙዝ ሰጡኝ፣ ከዚያ በኋላ ረቡዕና ዓርብን ከእኔ በላይ ያስታውሱ ነበር።

ከፑጃው በኋላ

የተፈጨው ሎሚ ይጠረግ፣ መንገድ ላይ ከቀረ ሞተረኛ ያንሸራትታል። ዱባ ከሆነማ ይብሳል። ጋኔሻዋ ትንሽ ምስል ከሆነች ዳሽቦርድ ላይ ትቀመጣለች፣ የአየር ከረጢቱ ከሚከፈትበት ቦታ ራቅ ተደርጋ። የእርዷ ጋኔሻ ግን ውኃ ውስጥ ትሟሟና ዛፍ ወይም አበባ ሥር ትፈስሳለች።

መኪናው ፊት ላይ የሚንጠለጠለውን አንድ ሎሚና ሰባት አረንጓዴ ቃሪያ በክር የተሰካ ነገር ብዙዎቻችሁ በፎቶ አይታችኋል። አላክሽሚ የተባለችው የችግር እመቤት ጎምዛዛና የሚያቃጥል ትወዳለች፣ ደጅ ላይ ከበላች ወደ ውስጥ አትገባም ነው ምክንያቱ። ፓራውልቱ ላይ ይታሰር እንጂ መስታወት ላይ ተንጠልጥሎ ዓይን እንዳይጋርድ። በየቅዳሜው ይቀየራል።

በዓመቱ ደግሞ አዩዳ ፑጃ ይመጣል፣ መስከረም መጨረሻ ወይም ጥቅምት ላይ። ያን ቀን ሰው የሚተዳደርበት መሣሪያ ሁሉ ይታጠባል፣ ይከበራል፣ ያርፋል። ካርናታካ ውስጥ አውቶቡሶች የሙዝ ግንድ ከፊታቸው ታስሮ፣ ባጃጆች በአበባ ተሸፍነው ታያላችሁ። ምሥራቅ ሕንድ፣ ቤንጋልና ቢሃር ላይ ተመሳሳዩ ቪሽዋካርማ ፑጃ ነው፣ በእኛ መስከረም 7 አካባቢ፣ ፋብሪካዎች ማሽናቸውን የሚያከብሩበት። አጂ ቤት በአዩዳ ፑጃ ቀን ነጩ መኪና፣ ጎማው ያረጀው ብስክሌት፣ የስፌት ማሽኑ፣ የልጅየው ላፕቶፕና የወጥ ቤቱ ቢላዋ በአንድ ረድፍ ተደርድረው ለእያንዳንዱ እኩል አንድ የኩምኩም ነጥብ ይደርሰዋል። እኔም የመመረቂያ ጽሑፌን የጻፍኩበትን ላፕቶፕ አውርጄ ከቢላዋው አጠገብ አስቀምጥ ነበር።